በጣና ሰማይ የሚሰለፉት የደመና መስመሮች ከየት ይመጣሉ?

በበጋ ወራት ከባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ሰማዩ አንዳንድ ቀን ባልተለመደ ሥርዓት ተሰምሮ ይታያል። ደመናው እንደ ወትሮው ተበታትኖ ወይም ተከምሮ ሳይሆን፣ እኩል በሚመስል ርቀት መስመር በመስመር ተደርድሮ፣ በመስመሮቹ መካከልም ጥርት ያለ ሰማያዊ ክፍተት ትቶ ይቆማል። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ከሥሩ የሚጻፈውን ለመገመት አያስቸግርም፤ አንዱ ተአምር ነው ይላል፣ ሌላው አውሮፕላን የረጨው ነገር ነው ይላል። ሁለተኛው ጥርጣሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ደመናን የማበልጸግ፣ ማለትም ያለውን ደመና ዝናብ እንዲሰጥ የመግፋት፣ ሙከራ መጀመሩን በይፋ አስታውቋል፣ ስለዚህ ሰው ሰማዩን አይቶ «የሰው እጅ አለበት ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስወቅሰው አይሆንም።

ጥያቄው ትክክለኛ ሲሆን መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ ይሰጣል። ደመናን የሚያበለጽግ ቴክኖሎጂ መኖሩ እያንዳንዱን እንግዳ ቅርጽ የእርሱ ውጤት አያደርገውም። የተሰመረ ደመና ሲታይ በቅድሚያ መመርመር ያለበት ሰማዩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ነፋስ ተራራን ሲሻገር የሚሠራው ሞገድ የራሱ አቅጣጫ፣ በመስመሮቹ መካከል የራሱ ርቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካለበት ያለመንቀሳቀስ ጠባይ አለው። እነዚህን ሦስቱን ማንም ሰው ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ሊመዝናቸው ይችላል።

አየር ተራራ ሲሻገር

አየር ክብደት አለው፣ በንብርብርም ይደራጃል። እርጥበቱ ገና ወደ ጠብታ ያልተለወጠ አየር ወደ ላይ ሲገፋ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ይህ የሚሆነው በዙሪያው ያለው አየር ስላቀዘቀዘው ሳይሆን፣ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስና አየሩ ራሱ ስለሚሰፋ ነው። በዙሪያው ያለው አየር በበኩሉ በከፍታ የሚቀዘቅዘው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ባነሰ መጠን፣ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። በመሆኑም በተራራ ተገፍቶ የወጣ አየር፣ በደረሰበት ከፍታ ላይ ከጎረቤቱ አየር ይልቅ ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ይገኛል።

የከበደው አየር ተራራውን እንዳለፈ መውረድ ይጀምራል። ወደ ቀድሞ ከፍታው ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በያዘው ፍጥነት ከመነሻው በታች ይዘልቃል፣ በዚያም በግፊት ተጨምቆ ስለሚሞቅ ከአካባቢው የቀለለ ይሆንና ተመልሶ ይወጣል። ወጥቶም እንደገና ያልፋል፣ እንደገናም ይወርዳል። ከቦታው ሲነቀል ወደ ቦታው ሊመለስ የሚታገለውን ይህን አየር ባለሙያዎች የተረጋጋ አየር ይሉታል፤ ሞገድ የሚሠራውም እርሱ ነው። ያልተረጋጋ አየር አንዴ ወደ ላይ ከተገፋ ሳይመለስ መውጣቱን ስለሚቀጥል፣ ከእርሱ የሚወለደው ሞገድ ሳይሆን በክረምት ከሰዓት በኋላ የምናውቀው የነጎድጓድ ደመና ነው።

በተለመደው የተረጋጋ አየር ውስጥ አንድ ሙሉ መውጣትና መውረድ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በእነዚህ 10 ደቂቃዎች ነፋሱ አየሩን ወደ ፊት ይዞት ይሄዳል። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከሆነ፣ አየሩ አንድ ዙር ሲጨርስ 6 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። በአንዱ የሞገድ አናትና በሚቀጥለው አናት መካከል የሚኖረው ርቀትም ያው 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነፋሱ እጥፍ ቢሆን ርቀቱም እጥፍ ይሆናል። በየአገሩ ከተራሮች ጀርባ የሚታዩት ሞገዶች በአብዛኛው ከ5 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሒሳቡ ወደ ኋላም ይሠራል፤ በሳተላይት ምስል ላይ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት የለካ ሰው ማንም ነፋስ መለኪያ ባልተከለበት ከፍታ ላይ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚፈጥን በግምት ሊናገር ይችላል። ለእኔ ከነገሩ ሁሉ ይህ እጅግ የሚያስደስት ነው።

ሞገዱ ለምን እንደማይሄድ ለመረዳት ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ድንጋያማ ቦታ ላይ ሲያልፍ ማየት ይበቃል። ውኃው በተሸፈነ ድንጋይ ላይ ሲሻገር ከድንጋዩ በታች በኩል ተከታታይ ጉብታዎች ይሠራሉ። ውኃው ያለ ማቋረጥ በጉብታዎቹ ውስጥ እያለፈ ይፈስሳል፣ ጉብታዎቹ ግን ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፤ ቦታቸውን የወሰነላቸው ድንጋዩ ነውና። የአየሩም ሞገድ ተራራው እስካልተነቀለ፣ ነፋሱም አቅጣጫውንና ፍጥነቱን እስካልለወጠ ድረስ እዚያው ይቆያል።

ሞገዱ በራሱ አይታይም፤ የሚገልጠው እርጥበት ነው። አንድ የአየር ንብርብር በሞገዱ ምክንያት 300 ሜትር ከፍ ቢል 3 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ ወደ ጠብታ የሚለወጥበት የሙቀት መጠን፣ የጤዛ ነጥብ የሚባለው፣ በዚያው መውጣት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ አየሩ ከመነሳቱ በፊት በሙቀቱና በጤዛ ነጥቡ መካከል የነበረው ልዩነት 2 ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ ወደ አናቱ ሳይደርስ ደመና ይሆናል። ሲወርድ ደግሞ ይሞቅና ጠብታዎቹ ይተናሉ። በእያንዳንዱ አናት ላይ ደመና፣ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ ላይ ባዶ ሰማይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ደመናው የቆመ ይመስላል፣ በእርግጥም ቅርጹ ቆሟል፤ ውስጡ ያሉት ጠብታዎች ግን በነፋሱ ፊት ለፊት ባለው ጠርዝ ተወልደው በጀርባው ጠርዝ እየጠፉ ያልፋሉ። ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር የሆነን መስመር በሰከንድ 10 ሜትር የሚጓዝ ጠብታ ለማቋረጥ የሚፈጅበት 5 ደቂቃ ብቻ ነው።

ከዚህ አጭር ዕድሜ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው ቀለም ነው፤ በጠርዙ ላይ ያሉት ጠብታዎች ገና የተወለዱ፣ ጥቃቅንና መጠናቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የፀሐይን ብርሃን በታትነው ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ያሳያሉ። በፎቶግራፍ ላይ «የኬሚካል ቀለም» ተብሎ የሚጠቆመው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ለዚህ ይበቃል። ሁለተኛው ዝናብ ነው። አንድ የዝናብ ጠብታ ለመፈጠር አንድ ሚሊዮን ያህል የደመና ጠብታዎች መዋሃድ አለባቸው፣ ለዚህም በአሥራዎች የሚቆጠሩ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። በ5 ደቂቃ ተወልዶ የሚሞት ጠብታ ለዚያ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቀጭኖቹ የሞገድ መስመሮች ሰማዩን ቢሸፍኑም መሬት አያርሱም።

ጉና፣ ጮቄና የበጋው ነፋስ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋና ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ሁለት ዓይነት ነው። ከሐይቁ ጋር የሚነካኩት የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች ናቸው፤ ከሜዳዎቹ ባሻገር ግን መሬቱ በፍጥነት ከፍ ይላል። በምሥራቅ ከደብረ ታቦር ወዲያ ከ4,100 ሜትር ያላነሰው ጉና አለ፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ይነሳሉ። በደቡብ ምሥራቅ 4,000 ሜትርን የሚያልፈው የጮቄ ተራራ፣ በሰሜን በኩል በርቀት ደግሞ ከፍተኛው ጫፋቸው ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው የሰሜን ተራሮች ይገኛሉ። በጉና አናትና በሐይቁ ገጽ መካከል ከ2,300 ሜትር ያላነሰ የከፍታ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሞገድ ለመቀስቀስ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጥቂት መቶ ሜትር የሆነ፣ ለነፋሱ ጎኑን የሰጠ ሸንተረርም ይበቃል።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት የበጋ ወራት በአካባቢው የሚነፍሰው የታችኛው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ከአፋር በኩል ያለውን ግዙፍ ገደል ወጥቶ፣ ደጋውን ተሻግሮ፣ በጉናና በአጠገቡ ባሉት ሸንተረሮች አልፎ ወደ ጣና ተፋሰስ ይወርዳል። ሐይቁ የተቀመጠው እንግዲህ ልክ ሞገድ በሚጠበቅበት ቦታ፣ ከተራራው የነፋስ ጀርባ ነው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ስለምትለቅ ከሥር ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ላይ ከታች ካለው አየር ይልቅ ከላይ ያለው የሚሞቅበት ንብርብር ተዘርግቶ ይገኛል። ከዚህ የበለጠ የተረጋጋ አየር የለም። ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ እርጥበት ነው፣ በበጋም የሚጎድለው እርሱ ነው። ደመና በሌለበት ቀን ሁሉ ሞገድ የለም ማለት አይቻልም፤ መስመሮቹ የሚታዩት በዚያ ደረቅ ወቅት መካከል እርጥበት የያዘ ስስ ንብርብር ከላይ ሲያልፍ ነው።

ጠዋት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መስመሮቹን ለማየት የተሻለው ሰዓት ነው። ፀሐይ ስትበረታ የፎገራ መሬት ይሞቅና ከሥሩ የሚነሳው የሞቀ አየር የንብርብሩን ሥርዓት ያፈርሰዋል። በሐይቁ ላይ ያለው አየር ግን በቀን ከመሬቱ ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚቆይ፣ በሜዳው ላይ የፈረሰው መስመር በውኃው ላይ ጥቂት ሊሰነብት ይችላል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው የሚነፍሰው ነፋስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጀልባ የሚያናውጠው ማዕበልም ከእርሱ ጋር ይመጣል፣ ከተራራ ሞገድ ጋር መቀላቀል የለበትም።

በክረምት የተሰመረ ሰማይ የማይጠበቀው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ያልተረጋጋ፣ ወደ ላይ ለመነሳት የተዘጋጀ ስለሆነ ተራራው ሲገፋው ሞገድ ከመሥራት ይልቅ ጎልቶ ያድጋል፣ ዝናብም ይሆናል። ሁለተኛው ግን ብዙም የማይነገር ነው። በክረምት የታችኛው ነፋስ እርጥበት ይዞ ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ፣ ከላይ ያለው ነፋስ ደግሞ ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከፍ ብሎ በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይህ የምሥራቅ ነፋስ የሐሩር ክልሉ ፈጣን ጅረት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ፣ ተራራውን የሚሻገርበት ፍጥነት ዜሮ የሚሆንበት ከፍታ አለ። ከመሬት የተነሳ ቋሚ ሞገድ ያንን ከፍታ ማለፍ አይችልም፤ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይዋጣል ወይም ይሰበራል። ስለዚህ በሐምሌ ተራራው ቢኖርም፣ ነፋሱ ቢነፍስም፣ እርጥበቱም ሞልቶ ቢተርፍ፣ ሥርዓት ያለው የመስመር ደመና አይገኝም።

ሞገዱ ከተራራው በኋላ ምን ያህል እንደሚዘልቅ የሚወስነውን ነገር እንግሊዛዊው ሪቻርድ ስኮረር እ.ኤ.አ. በ1949 በሒሳብ አሳይቷል። የአየሩ መረጋጋት በከፍታ እየቀነሰ፣ የነፋሱ ፍጥነት ደግሞ እየጨመረ ከሄደ፣ ሞገዱ ወደ ላይ አምልጦ መጥፋት ስለማይችል በታችኛው ንብርብር ታስሮ ከተራራው ጀርባ በተከታታይ ይደረደራል፤ መስመሮቹ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚቀጥሉበት ጊዜ አለ። ይህ ሁኔታ ካልተሟላ ግን ሞገዱ ወደ ላይ ይወጣና ከተራራው አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ፣ ጠርዛቸው የጠራና ጫፋቸው የሾለ ደመናዎች ብቻ ይታያሉ፤ ሌንቲኩላር የሚባሉት ናቸው። የተራራው ቅርጽም ይቆጠራል። ረጅም ሸንተረር ቀጥ ያሉ ትይዩ መስመሮችን ይሠራል፤ እንደ ጉና ለብቻው የቆመ አሮጌ እሳተ ገሞራ ግን ሞገዱን በሁለት ክንፍ ከፍሎ እየሰፋ በሚሄድ ቅርጽ ይበትነዋል። በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው ትንሿ የአምስተርዳም ደሴት እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ክንፍ ደመና ሠርታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 በናሳ ሳተላይት ተነሥታለች፤ በዚያ ውቅያኖስ መካከል የሚጠረጠር ሌላ ምክንያት አልነበረም።

የተረጨ ደመና ምን ይመስላል?

ወደ ጥርጣሬው እንመለስ። ደመናን ማበልጸግ ደመናን አይፈጥርም፤ ያለውን ደመና ወደ ዝናብ ወይም ወደ በረዶ እንዲለወጥ ለመግፋት የሚደረግ ሙከራ ነው። አሜሪካዊው ቪንሰንት ሼፈር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1946 ደረቅ በረዶ የሚባለውን የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአውሮፕላን በደመና ላይ በበተነ ጊዜ የታየው የበረዶ ቅንጣት መውረድ ነበር። ከዚያ በተከታተሉት ሙከራዎች ወጥ በሆነ ስስ ደመና ላይ ሲበተን አውሮፕላኑ ባለፈበት መንገድ የተከፈተ ሰማይ ቀርቷል። የዚህን ነጥብ ክብደት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የተረጨበት ቦታ ጠፍጣፋ ደመና ከሆነ የሚጠበቀው ምልክት ክፍተት ነው፣ የአውሮፕላኑን ጉዞ የተከተለ አንድ ክፍተት፣ እንጂ በእኩል ርቀት የተደረደሩ አሥር የደመና መስመሮች አይደሉም።

ይበልጥ ግልጽ የሆነው ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት በተካሄደ ምርምር ነው። አውሮፕላኑ ለነፋሱ ጎኑን ሰጥቶ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ለማበልጸግ የሚያገለግለውን ሲልቨር አዮዳይድ የተባለ ውህድ ሲበትን፣ ራዳሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልክ የአውሮፕላኑን ምልልስ የተከተሉ ዚግዛግ መስመሮችን አሳይቷል። እንግዲህ ማበልጸግ መስመር ሊሠራ ይችላል፣ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እነዚያ መስመሮች ከነፋሱ ጋር ይጓዙ ነበር፣ ቅርጻቸው የበረራውን መንገድ እንጂ የተራራውን ሸንተረር አልተከተለም፣ የታዩትም በደመናው ውስጥ ባለው የበረዶ ቅንጣት በራዳር እንጂ ከመሬት በዓይን አልነበረም።

በከፍተኛ ከፍታ የሚበር አውሮፕላን የሚተወው ነጭ ፈለግም ሌላ የግራ መጋባት ምንጭ ነው። እርሱ የሚፈጠረው ከሞተሩ የሚወጣው የውኃ ትነት፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ አየር ውስጥ ሲቀዘቅዝ ነው። በጣና አካባቢ ያ ቅዝቃዜ የሚገኘው ከባሕር ጠለል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን ሊሠራው አይችልም። ፈለጉ ቀጭን ሆኖ ይጀምራል፣ ይሰፋል፣ ከነፋሱ ጋር ወደ ጎን ይሄዳል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የሚንቀሳቀስ መስመር ሁሉ የሰው ሥራ አለመሆኑንም መጨመር አለብኝ። ሁለት የአየር ንብርብሮች በተለያየ ፍጥነት ሲተላለፉ በመገናኛቸው ላይ ጥቃቅን ሞገዶች ይነሳሉ፤ ሔልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ኬልቪን በ1871 የገለጹት ይህን ነው። እነዚህ ርቀታቸው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን ከነፋሱ ጋር ይጓዛሉ፣ በደቂቃዎችም ይፈርሳሉ። ቀን ላይ በሞቀ መሬት የሚሠሩ ሌሎች መስመሮችም አሉ፤ እነርሱ ደግሞ ከነፋሱ ጋር ተመሳሳይ አቅጣጫ ይዘው ይዘረጋሉ፣ የተራራ ሞገድ ግን ነፋሱን ያቋርጣል። ስለዚህ መስመሩ ቆሞ ከቆየ የመሬት ሥራ ስለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ግን ገና ብዙ የሚጠየቅ ነገር አለ፣ «ተረጭቷል» ለማለትም አያበቃም።

ሞገዱን መከታተል ለምን ያስፈልጋል?

የደመናው ውበት የጀርመን ተንሸራታች አብራሪዎችን ቀድሞ የሳበው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያለ ሞተር የሚበሩት እነ ቮልፍ ሒርት እ.ኤ.አ. በ1933 ከተራራ ጀርባ አየሩ ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ሲገፋቸው አገኙት፤ ዮአኪም ኩትነርም ከእነርሱ ተነሥቶ ሳይንሱን አጠና። በተመሳሳይ ኃይል በአርጀንቲና የተነሳ ተንሸራታች አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2018 ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል።

ወደ ላይ የሚገፋ አየር ባለበት ወደ ታች የሚገፋም አለ። ከሞገዱ አናት ሥር፣ ወደ መሬት ቀረብ ብሎ፣ አየሩ በአግድም እየተጠቀለለ የሚሽከረከርበት አካባቢ ሊፈጠር ይችላል፤ ለአብራሪ ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1966 ከቶኪዮ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበር የነበረ ቦይንግ 707 በፉጂ ተራራ አጠገብ በአየር ላይ ተበታትኖ 124 ሰዎች ሞተዋል፤ ምርመራው ምክንያቱን ከተራራው ጀርባ ያጋጠመ ያልተለመደ ኃይለኛ መናወጥ ነው ብሏል። ዕለቱ ጥርት ያለ ነበር። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ የሚያርፉ በረራዎች የሚያልፉት በደጋ ላይ ነውና ሞገዱን ማወቅ ለአገር ውስጥ በረራ የቅንጦት ዕውቀት አይደለም።

ችግሩ ትንበያው ራሱ ሞገዱን ለማየት መቸገሩ ነው። የትንበያ ሞዴሎች አየሩን በካሬ ከፍለው ያሰላሉ፤ በስልኮቻችን ላይ የምናየውን መረጃ ከሚመግቡት መካከል የሚጠቀሰው የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል ዓለም አቀፍ ሞዴል ለዓመታት የሠራው ጎኑ 9 ኪሎ ሜትር በሆነ ካሬ ነው። ከጉና ጀርባ ያለው ሞገድ ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ከሆነ በአንዱ ካሬ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ሞዴሎቹ የሞገዱን ውጤት፣ በተለይም በከፍታ ላይ ያለውን ነፋስ እየጎተተ የማዘግየቱን ነገር፣ በግምታዊ ቀመር ለማካተት የተገደዱት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ከዚያ በፊት በሞዴሎቹ ውስጥ የምዕራብ ነፋሶች ከእውነተኛው በላይ ይፈጥኑ ነበር። እንዲህ ያለው ቀመር አማካዩን ያርማል እንጂ ነገ ጠዋት በፎገራ ላይ መስመር ይኖር እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ ጎኑ ከ2 ኪሎ ሜትር ያነሰ ካሬ ያለው፣ የአካባቢውን መሬት ቅርጽ በትክክል የሚያውቅ የአገር ውስጥ ሞዴል ያስፈልጋል፤ በእኔ አስተያየት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሊተባበሩበት ከሚገባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው።

እስከዚያው ክትትሉ ከላይ ሊደረግ ይችላል። የአውሮፓው ሜቲዮሳት ሁለተኛ ትውልድ ሳተላይት በየ15 ደቂቃው ምስል ሲልክ የኢንፍራሬድ ዝርዝሩ፣ ማለትም በምስሉ ላይ የሚለየው ትንሹ ስፋት፣ ከምድር ወገብ በቀጥታ በላይ ባለበት ስፍራ እንኳ 3 ኪሎ ሜትር ስለነበር፣ 6 ኪሎ ሜትር የሆነ ሞገድ በጣና ላይ በጭንቅ ነበር የሚለየው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀው ሦስተኛው ትውልድ በየ10 ደቂቃው ያነሳል፣ ዝርዝሩም በተመረጡ የብርሃን ዓይነቶች ወደ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በታች ወርዷል። የውኃ ትነትን በሚያሳይ የብርሃን ዓይነት የተነሡት ምስሎች ደግሞ ደመና በሌለበትም ጊዜ የእርጥበቱን መውጣትና መውረድ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ይህም ደረቁን የበጋ ሞገድ፣ አብራሪ በዓይኑ የማያየውን፣ ለመለየት ይረዳል። የአንድ ሰዓት ምስሎች፣ ማለትም ስድስት ምስሎች፣ ተደራርበው ሲታዩ መስመሮቹ ከወረታና ከሐይቁ ዳርቻ አንጻር ከቦታቸው ካልተነሡ የተራራ ሞገድ ናቸው። በነፋሱ ፍጥነት ወደ ምዕራብ ተንሸራተው፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ከፎገራ ተነሥተው የሐይቁን መካከል ካለፉ ግን መነሻቸው ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የበረራ መዝገብ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።